ጭራዋ ሳትገባ

ውድድር ባለበት ሁሉ አንደኛ የወጣውን የማያውቅ የለም። ፎቶ ይነሳል፣ ዋንጫ ይሰጠዋል፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሰው ሳይቀር ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። የመጨረሻውን ግን ማን ያውቀዋል? እሷ ታውቀዋለች። በተራራው የብስክሌት ውድድር ከሁሉ ኋላ የምትመጣው፣ የደከመውን የምታበረታው፣ የወደቀውን የምታነሳው እሷ ነበረች። ከእሷ ኋላ ሰው የለም። ስለዚህ «እትዬ ጭራ» አሏት። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ተወዳዳሪ ነው፤ እሷም «ጭራ የሌለው ከብት ዝንቡን በምን ሊያባርር ነው?» ብላ ስቃ ተቀበለችው፣ በዚያው ጸናባት።

ውድድር በሌለበት ጊዜ ሥራዋ ድንኳን መስፋት ነው። ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ጥቅል ሸራ፣ ሰም የጠጣ ክር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ስትጠርገው የምትውለው የዚፕ ጥርስ። ቋጠሮዋ የታወቀ ነው። እሷ የቋጠረችውን ነፋስ አይፈታውም፤ ሰውም ቢሆን ጥርሱን ካልጨመረበት አይሆንለትም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይህቺን ሴት ሳገባ እኮ አለቀልኝ፣ አንዴ ከቋጠረች ቋጠረች ናት» እያለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር።

ልጅ አልወለደችም። ልጅ አላሳደገችም ማለት ግን አይደለም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ ትምህርት ቤት ልካ ሰው ያደረገችው እሷ ናት። ብስክሌት ያስተማረችውም እሷ ናት፣ በአባታቸው አሮጌ ብስክሌት፣ ከሸክላ ፋብሪካው አጥር ሥር ባለችው ቁልቁለት።

ብስክሌት እንዴት እንደሚያስተምሩ መቼም ታውቃላችሁ። ኮርቻውን ከኋላ ይይዙና «ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ» እያሉ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ልጁ ሳያውቅ ቀስ ብለው ይለቁታል። ዞር ሲል ብቻውን ነው። ዓለም ሁሉ የሚማረው በዚህ ማታለል ነው። ይሄ ልጅ ግን የጎረቤት ልጅ እንዲህ ተታሎ ቦይ ውስጥ ሲገባ አይቷል። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ እንባው ዐይኑ ላይ ግጥም ብሎ፣ «እታለም፣ ስትለቂኝ ንገሪኝ። ማይልኝ» አላት። ማለችለት።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ትነግረው ነበር። «ለቀቅኩህ!» ብላ ትጮኻለች፤ እሱ ቃሉን እንደሰማ ይደነግጥና ሄዶ የሸክላ ክምር ላይ ይወድቃል። እሷ ግን ከለቀቀችው በኋላ ፊቷን አዙራ አታውቅም፤ እዚያው ቆማ ታየዋለች፣ ሲወድቅ ሮጣ ታነሳዋለች፣ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። በዚህ የተነሳ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘግይቶ ነው ብስክሌት የለመደው። ጎረቤቶች «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ልቀቂው እንጂ፣ ጉልበቱን ጨረስሽው እኮ!» ሲሏት «ምያለሁ» ትላቸዋለች።

ልጁ አደገ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ፣ ጋራዥ ከፈተ። ቅዳሜና እሁድ ደንበኞቹን ይዞ ተራራ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ከተራራው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመልሶ ሱቋ ገባና «እታለም፣ ይሄን ነገር ውድድር ብናደርገውስ? ቀን ቀን እየነዱ፣ ማታ ማታ መንደር እያደሩ፣ ተራራውን ዞሮ መመለስ» አላት። እሷም የስፌት መኪናዋን ሳታቆም «ድንኳኑን ማን ሊሰፋልህ ነው?» አለችው። ውድድሩ የተወለደው እንዲህ ነው። እሱን «አለቃ» አሉት፣ እሷን ጭራ። ራሱም ጭራውም የአንድ እናት ልጅ ነው እያሉ ሰዎች ይቀልዱ ነበር።

የመጀመሪያውን የመግቢያ በር ከተረፈ ሸራ የሰፋችው እሷ ናት። ቀይና ነጭ፣ በሁለት ረጃጅም እንጨት መካከል የተዘረጋ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምስኪን ፔዳሉ ተሰብሮበት ሳይክሉን እየጎተተ ሲመጣ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ፤ እንጨቱ ሊነቀል ሆነ። ቀድሞ የገባው ሁሉ፣ አሸናፊው ሳይቀር፣ እንጨቱን በእጁ ደግፎ ቆመ። ሰውየው ከእሷ ጋር ሲገባ ያ ሁሉ ሰው አለቀሰ ማለት ይቻላል። ወንድሟም ሣጥን ላይ ወጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ውድድር ጭራዋ ሳትገባ በር አይፈርስም!» ብሎ ጮኸ። በየዓመቱ በመክፈቻው ስብሰባ ይህን ቃል ሲደግመው ነባሮቹ ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

ሥራው መቼም ለሰው ቢያወሩት አያምንም። ከውድድሩ በፊት መንገዱን በሙሉ ዞራ በየዛፉና በየቋጥኙ ብርቱካንማ ሪባን የምታስረው እሷ ናት፤ ተወዳዳሪው ያንን ተከትሎ ነው የሚነዳው። ውድድሩ ሲጀመር ድንኳን ትተክላለች፣ የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ትጠቀጥቃለች፣ የተላጠ መዳፍ ታሽጋለች። መዳፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የዋለ ሰው የት እንደሚቆስል አስቡት። የስንቱ ዳኛ፣ የስንቱ ነጋዴ፣ የስንቱ ሐኪም መቀመጫ በእሷ ቅባት ድኗል! ቅባቱን ሰጥታ ፊቷን ታዞርና «ራስህ ቀባው፣ እኔ እናትህ አይደለሁም» ትላለች፤ ግማሾቹ ግን እንደ እናት ነበር የሚያይዋት። ጠዋት ደግሞ ሁሉም ከተነሱ በኋላ በብስክሌቷ ከኋላ ትከተላለች፤ ያሰረችውን ሪባን እየፈታች በከረጢቷ ትሰበስባለች። ሪባኑን ከእሷ በፊት ማንም አይነካውም፤ ምክንያቱም ሪባን የሌለበት መንገድ ማለት ሰው የማይጠበቅበት መንገድ ማለት ነው።

ሸራው በር ከጊዜ በኋላ ተቀየረ። ወንድሟ በአየር የሚነፋ ትልቅ በር አመጣ፣ ሰማያዊ፣ ከሩቅ የሚታይ። «ያንቺን ደግሞ በክብር እናስቀምጠዋለን» አላት። በክብር የተቀመጠው የውድድሩን ዕቃ በሚያመላልሰው የጭነት መኪና ላይ ነው፣ የድንች ጆንያ መሸፈኛ ሆኖ። አየችው። ሸራ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ አለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አዲሱ በር አንድ ጠባይ አለው። ሞተሩ ያለማቋረጥ ካልነፋለት እንደ ሰካራም ይልፈሰፈስና ይተኛል። ስለዚህ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ እምምምም ሲል ነው የሚውለው። ከመግቢያው ሜዳ ሆኖ በእጅ ሬድዮ የሚያናግራት ሁሉ ያንን ድምፅ ከኋላው ይዞ ነው የሚያናግራት። መጀመሪያ ራሷን ያዞራት ነበር፣ በኋላ ለመደችው፤ ተራራ ላይ ብርድ ሲመታት ያንን ድምፅ ስትሰማ ቤት የደረሰች ያህል ደስ ይላታል።

ወደ ነገሬ ልምጣ። በዚያ ዓመት ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ በሥራው ልማድ ከወፍ ቀድሞ የሚነሳና ድንኳኑን ሁሉ በእንቅስቃሴው የሚቀሰቅስ ሰው። ባለፈው ዓመትም ተወዳድሮ ነበር። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ካቴናው ተበጥሶ የኋላ ጎማው ውስጥ ተጠመጠመና በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ሜዳው ላይ ስትጠብቀው የነበረች ትንሽ ልጁ «አባዬ፣ ለምን በጎን ገባህ?» አለችው። ዓመቱን ሙሉ የከነከነው ይህ ጥያቄ ነው። ሊጡን ሲያቦካ፣ ምድጃውን ሲለኩስ፣ ከዳቦ ቤቱ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ «ለምን በጎን ገባህ?»። ዘንድሮ የተመለሰው ለዋንጫ አይደለም፤ በዚያች በር ሥር አንዴ ለማለፍ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻይ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ዛሬ ቀስ ነው የምለው፣ ጉልበቴ አብጧል። ይጠብቁኛል?»

«ማን ጥሎህ ሊሄድ? እኔ ሳልገባ በሩ አይፈርስም። እኔ ደግሞ አንተን ሳላስገባ አልገባም። አለቀ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ይልቅ ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።»

ወንድሟ በዚያን ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ዘንድሮ ነገሩ ሁሉ ተተኩሶ ነበር ማለት ይሻላል። ለውድድሩ ወጪ የሚያወጡ ትልልቅ እንግዶች መጥተዋል፣ ካሜራ መጥቷል፣ ፊታቸው ላይ አቧራ እንዳይነካቸው የሚሸሹ ሰዎች መጥተዋል። እሱም ከእነሱ ጋር ሲሄድ አንገቱ ትንሽ ረዝሟል። እሷ አልተቀየመችም፤ ልጄ ሰው ሆነ ብላ ነው ያየችው። ወደ እሷ መጣ፣ ግንባሯን ሳማት፣ ለሬድዮዋ አዲስ ባትሪ ሰጣት።

«እታለም፣ ዛሬ እንዳትቸኩሉ። ሰውየው እንደ አቅሙ ይምጣ። ምሳችሁን ጥላ ፈልጋችሁ ተረጋግታችሁ ብሉ።»

ደስ አላት። እንግዳ ሞልቶበት እንኳ አስታወሰኝ አለች። የውድድሩ ምግብ አብሳይ ግን ዳቦ ስትጨምርላት ቀና ብላ አላየቻትም። ሁልጊዜ የሚለክፋት የጭነት መኪናው ሾፌርም ስታልፍ ጎማ እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ አለ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሷን ነገር ከሷ በቀር ሁሉም ሰምቶታል። የሚስቅልህን ውሃ ፍራ ይባል የለ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጡት። ዳቦ ጋጋሪው ግማሹን በእግሩ ነው የሄደው፣ ሳይክሉን እየገፋ። ሲደክመው ይቆምና ቀልድ ያወራል፤ ቀልዱ ማረፊያው ነበር። «እኔ እኮ እንደ ሊጥ ነኝ፣ ካላረፍኩ አልነሳም» ይላል። እሷም «ተነሳ በል፣ ብዙ ካረፍክ ትኮመጥጣለህ» ትለዋለች። ጥላ አግኝተው ዳቦና ድንች በሉ። ጉልበቱን በጨርቅ አሰረችለት። ከአፋፉ ጫፍ ሲደርሱ ሸለቆው ከታች ታየ፣ ከሸለቆው ወዲያ ደግሞ መግቢያው ሜዳ ያለበት ጫካ። ሰውየው ዐይኑ በራ። እሷ ሬድዮዋን አወጣች።

«አለቃ፣ አለቃ፣ ጭራ ነኝ። አፋፉን ጨርሰናል። በሩ ቆሟል?»

ወንድሟ መለሰላት። «ቆሟል እታለም፣ ቆሟል። እናንተ ብቻ ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ሬድዮውን ከጆሮዋ አላነሳችውም። ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የመጣው፤ በጣም ጥርት ብሎ። ከኋላው እምምም የሚል ነገር የለም። የሆነ ቦታ ሰው ይስቃል፣ ወንበር ወለል ላይ ይጎተታል። ሜዳ ላይ ምን ወለል አለ? ከዚያ ራሷን ተቆጣች። ውሃ ሊጠጣ ዞር ብሎ ይሆናል፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ይሆናል አለች። የገዛ ወንድሟን፣ በጀርባዋ ያዘለችውን ልጅ፣ በሞተር ድምፅ ልትጠረጥረው ነው? አሳፈራት።

«ምን አሉሽ?» አላት ዳቦ ጋጋሪው።

«ቆሟል።»

«ኧረ ተመስገን!» አለና ሳይክሉ ላይ ወጣ።

ጫካው አፍ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሜዳው ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ወንዙ። ይህቺ መገንጠያ ሰው የሚጠፋባት ስለሆነች ሪባን አብዝታ የምታስረው እዚህ ነው። አንድም አልነበረም። ብስክሌቷን ጥላ ወደ ዛፉ ሄደች። ቋጠሮዋ አለ። ግንዱን አቅፎ፣ እንዳሰረችው፣ ጥብቅ ብሎ። የተንጠለጠለው ግን ከቋጠሮው ሥር በስለት ተቆርጦ ሄዷል። የሚቀጥለውም ዛፍ እንዲሁ። የሚቀጥለውም።

ቋጠሮዋ እንደማይፈታ የሚያውቅ ሰው ነው የቆረጠው። ሊፈታው እንኳ አልሞከረም። ሳይሞክር ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ ከአንድ ሰው በቀር የለም ማለት ይቻላል፤ የሷን ቋጠሮ ሲፈታ ያደገ ሰው። ያኔ ገባት። ያን ጊዜ የተሰማትን ንዴት ነው ብል ውሸት ነው። ንዴት በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነበር፤ አደባባይ መሃል ቀሚሷ የተቀደደባት ያህል፣ ሰው አይቶኝ ይሆን እያለች ዙሪያዋን አየች።

ሰው አይቷታል። ዳቦ ጋጋሪው አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ሪባኑ የታለ?»

እዚህ ላይ ብትነግረው ምን ነበረበት! ግን ያ ያበጠ ጉልበት፣ ያ የበራ ዐይን፣ የሰጠችው ቃል። ደግሞም ምናልባት አለች። ምናልባት ሪባኑን ብቻ ነው፤ በሩ ይኖራል።

«ነፋስ ነው የወሰደው» አለችው። «ግራውን ያዝ።»

ሰውየው ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፍሬኑን ለቀቀና ግራውን ያዘ።

ሜዳው ባዶ ነበር። በሩ ተተክሎበት የነበረው ቦታ ሣሩ ተኝቷል፣ የችካል ቀዳዳው ይታያል፣ የጭነት መኪናው ጎማ ጭቃውን አቡክቶት ሄዷል። እዚህም እዚያም የውሃ ፕላስቲክ ወድቋል። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ አንዲት ሴትና አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጠዋል።

ልጅቷ ተነሳች። «አባዬ፣ ወሰዱት» አለች።

«አዳራሽ ኑ፣ ሽልማቱ እዚያ ነው አሉን» አለች ሚስትየዋ ተነስታ። «ባሌ በዚህ ነው የሚመጣው፣ ሰው ቀርቷል እኮ አልኳቸው። ሁሉም ገብቷል ብለው ሳቁብኝ። እኛ ግን አንሄድም አልን።»

ዳቦ ጋጋሪው ከብስክሌቱ ወረደ። በሩ ወደነበረበት አልተጠጋም። ራስ መከላከያውን አውልቆ ለልጁ ሰጣት፤ እሷም የምትጫወትበት ነገር እንደተሰጣት አጥልቃው ሮጠች። ከዚያ ወደ እትዬ ጭራ ዞረ።

«አውቀሽ ነበር?»

አሁንስ አልዋሸችም። «አፋፉ ላይ ጠረጠርኩ። የሞተሩን ድምፅ አጣሁት። መገንጠያው ላይ ደግሞ አወቅኩ። ሪባኑን በስለት ነው የቆረጡት።»

«ነፋስ ነው ያልሽኝ?»

«እንዳትሰበር ብዬ ነው።»

ሰውየው ሳይቆጣ፣ እያዘነ ተናገረ፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ብትነግሪኝም እመጣ ነበር እኮ። በር የለም፣ ሰው የለም ብትይኝ፣ ለራሴም ለልጄም ብዬ እዚህ ድረስ እመጣ ነበር። ሣሩ ላይ በእንጨት መስመር አስምሬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ሞኝ ተደርጌ ነው የመጣሁት። በምን አፌ ጨረስኩ ልበል?» አለና ብስክሌቱን መግፋት ጀመረ። ጥቂት ሄዶ ዞር አለ። «ለማንኛውም ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ» አላት። ያን ሁሉ መንገድ አንቺ ሲላት የመጣው ሰውዬ።

ልጅቷ ብቻ፣ የአባቷ ራስ መከላከያ ዐይኗን ሸፍኗት፣ «ቻው!» አለቻት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ሲባል ሰምታው ታውቃለች፤ ደንደሱ ምን ያህል እንደሚያም ግን ያወቀችው ወደ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ላይ ብቻዋን ስትነዳ ነው። አለቀሰች። ወንድሜ በሩን አፈረሰ ብላ አይደለም፤ በሩስ ጨርቅና አየር ነው። «ቆሟል እታለም» ያለበት ድምፅ ነው የበላት። ድምፁ ደግ ነበር። ጠዋት ግንባሯን የሳመበት ከንፈር፣ ባትሪው፣ ተረጋግታችሁ ብሉ ማለቱ፣ ሁሉም ደግ ነበር። ከእንግዲህ ደግ ሲሆንላት በምን ታምነዋለች?

አዳራሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የብረት ወንበር የተደረደረበት፣ ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አበባ ያለበት። ጭቃ እንደሆነች በሩ ላይ ቆመች። ወንድሟ ድምፅ ማጉያ ይዞ እየተናገረ ነበር። «...እንደ ሁልጊዜውም ሁሉም ተወዳዳሪዎቻችን በሰላም ገብተዋል» ሲል ዐይኑ ዐይኗ ላይ አረፈ። ትንሽ ተደናቀፈ፣ ከዚያ ቶሎ ፈገግ አለ። «እነሆ! የውድድራችን እናት፣ ታላቅ እህቴ መጥታለች፣ በጭብጨባ እንቀበላት!» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበላት። ምግብ አብሳይዋ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እትዬ ጭራ ወደ መድረኩ አልሄደችም። ወደ መተላለፊያው ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችው።

ጭብጨባው ሲበርድ መጣ፤ እያየ፣ እየተገላመጠ።

«እታለም፣ ገብተሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ለምን?»

«እንግዶቹ ቸኮሉ፣ ምን ላድርግ? ትናንት ማታ አዳራሽ ይሁን አሉ። መኪናው ደግሞ አንድ ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ በሩንም ሪባኑንም ካላነሳን አይሆንም። ለአንድ ሰው ብዬ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ላቁም?»

«አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ነበርኩ።»

ሳቀ፣ የልጅነት ሳቁን፣ ስታየው ሁልጊዜ እሷንም የሚያስቃትን ሳቅ። «አንቺማ መንገዱን ታውቂዋለሽ!»

ከሁሉ ይህቺ ገደለቻት። ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም፤ እያሞገሳት ነበር። መንገድ ለማያውቅ ምልክት ይደረጋል፣ ለእንግዳ ይጠበቃል፤ የምትችለውን ማን ይጠብቃታል?

«እሺ በሩን አፍርስ። ሬድዮው ላይ ለምን ዋሸኸኝ? ከየት ሆነህ ነው ያናገርከኝ?»

መልሱ ከፊቱ ላይ ቀድሞ ወጣ። «ከዚሁ» አለ። «ብነግርሽ እኮ ትጣዪኛለሽ፣ ሰውየውም ይሰበራል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

እሷም መገንጠያው ላይ ለዳቦ ጋጋሪው ያለችው ይህንኑ ነው፣ እንዳትሰበር። ከአፏ ሲወጣ ደግነት ይመስላት ነበር፤ ከእሱ አፍ ስትሰማው ምን እንደሆነ አወቀችው።

«ሸክላ ፋብሪካው ሥር ሳይክል ሳስተምርህ ምን ብለህ እንዳስማልከኝ ታስታውሳለህ?»

«እታለም ሙች፣ እሱ የልጅነት ነገር ነው፣ አሁን ምን...»

«ስትለቂኝ ንገሪኝ አልከኝ። አንድም ቀን ሳልነግርህ ለቅቄህ አላውቅም። ሰው ሲስቅብኝ፣ ጉልበትህ ሲደማ፣ ነግሬህ ነው የለቀቅኩህ። አንተ ግን ዛሬ ያን ሁሉ ተራራ ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ እያልክ አስወረድከኝ።»

ከአዳራሹ አንዱ «አለቃ! ፎቶ!» እያለ ይጣራል። እሷ ከረጢቷን ከትከሻዋ አውርዳ እግሩ ሥር አስቀመጠች፤ እስከ ጫካው አፍ ድረስ የሰበሰበችው ሪባን አለበት። ሬድዮውን ከቀበቶዋ ፈታችና መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን በላዩ አጠፈቻቸው፣ ድሮ መሪውን ስታስይዘው እንደምታደርገው።

«እኔ ዛሬም እነግርሃለሁ» አለችው። «ለቀቅኩህ።»

ከዚያ ወደ ውጭው በር ሄደች። ከኋላዋ «እታለም!» ሲል ሰማችው፤ የአለቃ ድምፅ አልነበረም፣ የዚያ የትንሹ ልጅ ድምፅ ነበር። ድሮ ከለቀቀችው በኋላ ሁልጊዜ ቆማ ታየው ነበር። በዚያን ቀን ብስክሌቷን ከግድግዳው አንስታ ሄደች።